እምቦጭን ከእበት ጋር ማብላላት፦ የ2,000 ሊትር ሮቶ ባዮጋዝ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቦታው ባሕር ዳር፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ። ከጣና ዳር ተነቅሎ የሚከመረው እምቦጭ ከእበት ጋር ሲብላላ ስንት ጋዝ ይወጣል? ከዚያ ጋዝ ውስጥስ የእምቦጩ ድርሻ ስንት ነው? የሙከራው ጥያቄ ይኸው ነው። በየቤቱ የሚሠራው ስንዱ የተባለው የጉልላት ማብላያ ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ለሙከራ ግን አይመችም፣ ከተገነባ በኋላ ቧንቧ ማዛወርም ሆነ ውስጡን ከፍቶ ማየት ቀላል አይደለምና። ስለዚህ ተራ የውኃ ሮቶ ተመረጠ።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት፦ ከመግዛት በፊት ስሌት

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ባዮጋዝ ይሁን» ያልተባለበት ስብሰባ ማግኘት ይከብዳል። እስቲ መጀመሪያ ወረቀት ላይ።

ከ100 ኪሎ ትኩስ እምቦጭ 94 ኪሎ ያህሉ ውኃ ነው። የሚቀረው 6 ኪሎ ደረቅ ነገር (ቲኤስ) ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ገደማው ኦርጋኒክ ነው (ቪኤስ)፤ 4.8 ኪሎ ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ ቪኤስ 0.25 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ብንይዝ ከ100 ኪሎ እምቦጭ 1.2 ሜትር ኩብ ይወጣል። ትኩስ የላም እበት በተለመደው ስሌት በኪሎ 40 ሊትር ስለሚሰጥ ከ100 ኪሎው 4 ሜትር ኩብ ይገኛል። እምቦጭ በሚዛን ሲታይ የእበት ሲሶ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ተክሉ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ውኃ ስለሆነ ነው።

የታንኩ ዕለታዊ ምግብ እንዲህ ተቀመጠ። ፈሳሹ የሚይዘው 1,500 ሊትር፣ ቀሪው የጋዝ ቦታ። የባሕር ዳር አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የቆይታ ጊዜው ከ50 ቀን ማነስ የለበትም፤ 1,500 ለ50 ሲካፈል በቀን 30 ሊትር። ይህም 10 ኪሎ እበት፣ 10 ኪሎ የተከተፈ እምቦጭ፣ 10 ሊትር ውኃ ነው። ከእበቱ 1.36 ኪሎ ቪኤስ (ቲኤስ 17 በመቶ ተይዞ)፣ ከእምቦጩ 0.48 ኪሎ። ድምሩ 1.84 ኪሎ፤ በማብላያው መጠን ሲካፈል በቀን በሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ቪኤስ ይሆናል። ሳይሞቅ ለሚሠራ ታንክ ከዚህ በላይ ማስጫን አይመከርም።

የሚጠበቀው ጋዝ ከእበቱ 400 ሊትር፣ ከእምቦጩ 120 ሊትር። ግማሽ የሚመዝነው እምቦጭ ከጋዙ የሚያመጣው ከሩብ ያነሰ ነው።

ስሌቱን ወደ ሐይቁ ብንወስደውስ? ጥቅጥቅ ያለ የእምቦጭ ንጣፍ በሄክታር 300 ቶን እርጥብ ክብደት ሊይዝ ይችላል። በቀን 10 ኪሎ የሚበላ ታንክ አንድ ሄክታር ለመጨረስ 30,000 ቀን፣ ማለትም 82 ዓመት ይፈልጋል። በቀን 40 ኪሎ የሚችል የቤት ማብላያ እንኳ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ተክሉ ደግሞ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ባዮጋዝ ሐይቅ አያጸዳም። ሊያደርግ የሚችለው ከሐይቁ ወጥቶ ዳር ላይ ተከምሮ የሚበሰብሰውን፣ ሲበሰብስም ሚቴን (በባዮጋዝ ውስጥ የሚነደውን ጋዝ) ወደ አየር የሚለቀውን ክምር ወደ ጥቅም መቀየር ነው። በፕሮፖዛሉ ላይ «እምቦጭን ለማጥፋት» የሚለው ሐረግ ተሰርዞ «የተነቀለ እምቦጭን ለማስወገድ» ተባለ።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት፦ ናሙና

ናሙናው ያላበበ መሆን አለበት። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ስለሚቆይ አበባ ያወጣውን ወደ ግቢ ማስገባት በሽታ እንደማስገባት ይቆጠራል። ማጓጓዣው ያልተቀደደ፣ አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ከረጢት፤ ከረጢቱም መኪናውም ሌላ ውኃ አጠገብ አይታጠቡም።

ሥሩ ከግንዱ እዚያው በማጭድ ይቆረጣል። ሁለት ምክንያት አለ። ሥሩ ጭቃና አሸዋ ስለሚይዝ ታንኩ ውስጥ ወርዶ ከታች ይጋገራል። በተጨማሪም እምቦጭ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ከውኃ የሚሰበስበው በብዛት በሥሩ ነው፤ የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት ዳርቻ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ቲኤስ በ105 ዲግሪ ኦቨን ክብደቱ መቀየር እስኪያቆም ደርቆ፣ ቪኤስ በ550 ዲግሪ ፈርነስ (በጣም በሚግል ምድጃ) ተቃጥሎ ይለካል። እዚህ ላይ ውጤት የሚያበላሸው የውጭ ውኃ ነው። ታጥቦ ወዲያው የተመዘነ እምቦጭ ቅጠሉ ላይ የቀረውን ውኃ ይዞ ስለሚመዘን ቲኤሱ 4 በመቶ ይመስላል፤ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ነው መመዘን ያለበት። አመዱ ከ25 በመቶ ከበለጠ ጭቃ አለ ማለት ነውና ናሙናው ይጣላል።

ጥላ ሥር ከተከመረው ይልቅ ፀሐይ ላይ በስሱ የተዘረጋው የተሻለ ሆነ። ጠውልጎ ቲኤሱ 15 በመቶ ሲደርስ 100 ኪሎው 40 ኪሎ ይሆናል፤ ጋዙ ግን ያው ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ ይህን ሥራ በነፃ ይሠራል። በክረምት ይህ ዘዴ የለም፤ ክምሩ ከመድረቁ በፊት ይሸታል።

ኅዳር፣ 3ኛ ሳምንት፦ የጠርሙስ ሙከራ ተጀመረ

ታንኩ እስኪሠራ የሚቴን አቅም ልኬቱ በጠርሙስ ይሂድ። ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች፣ የጎማ ክዳን፣ 35 ዲግሪ ላይ የሚቆይ የሙቅ ውኃ ገንዳ። ኢኖኩለሙ (እርሾው) ከሚሠራ የቤት ባዮጋዝ የተቀዳ ዝቃጭ ነው። ተጣርቶ ምግብ ሳይሰጠው ለአንድ ሳምንት ያህል 35 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ የራሱን ጋዝ ካልጨረሰ የእምቦጩን ውጤት ያጋንናል።

አሰላለፉ፦ እርሾ ብቻ፣ እርሾና ሴሉሎስ፣ እርሾና ትኩስ እምቦጭ፣ እርሾና የጠወለገ እምቦጭ፣ እርሾና እበት፣ እርሾና ቅልቅል። እያንዳንዱ በሦስት ጠርሙስ። በቪኤስ ሲለካ እርሾው የምግቡ ሁለት እጥፍ ነው። አየሩ በናይትሮጅን ይወጣል፤ ናይትሮጅን በሌለበት እርሾና ውኃ እስከ አፍ ሞልቶ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ማሳነስ ይቻላል፣ ግን ልኬቱ ሸካራ ይሆናል።

ሴሉሎሱን ለምን? ንጹሕ ሴሉሎስ በንድፈ ሐሳብ በግራም 415 ሚሊ ሊትር ሚቴን ይሰጣል። ጠርሙሱ ከዚህ 85 በመቶውን ካልሰጠ ችግሩ እርሾው ወይም የሚያፈስ ክዳን ነው፤ የእምቦጩ ቁጥርም አይታመንም። ብዙ ተማሪ ይህን ጠርሙስ ለመቆጠብ ይዘላል፣ በኋላም ውጤቱ ለምን እንዳነሰ የሚያስረዳበት ነገር ያጣል።

ጋዙ የሚለካው ውኃ በማስለቀቅ ነው። ተራ ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያሟሟ ጨው እስከሚችለው የጠገበና በጥቂት አሲድ የተኮመጠጠ ውኃ ያስፈልጋል። ልኬቱ የሚቆመው የቀኑ ጋዝ ከጠቅላላው 1 በመቶ በታች ሆኖ ሦስት ቀን ሲከታተል ነው።

ታኅሣሥ፦ ታንኩ

የዕቃ ዝርዝር፦ 2,000 ሊትር ጥቁር ሮቶ፣ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ፣ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ታንክ ኮኔክተር ከነጎሚኒው፣ ግማሽ ኢንች የጋዝ ጎማ፣ ቦል ቫልቭ፣ ፋሼታ፣ ቴፍሎን፣ ሲሊኮን፣ የጋዝ ከረጢት። ዋጋውን በብር አላስቀመጥንም፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ውሸት ይሆናል። ከወጪው ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ሮቶው ነው፤ ያገለገለ ከተገኘ በጣም ይረክሳል፣ ግን ከስር የተሰነጠቀ እንዳይሆን ውኃ ሞልቶ ማሳደር ግድ ነው። ሁለተኛው ውድ ዕቃ የጋዝ ከረጢቱ ነው።

ሮቶ የተሠራው ውኃ ለመያዝ እንጂ የጋዝ ግፊት ለመቻል አይደለም። 10 ሴንቲ ሜትር የውኃ ግፊት ትንሽ ይመስላል። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክዳን ላይ ግን ወደ 13 ኪሎ የሚያክል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፤ 1.2 ሜትር ስፋት ባለው የታንኩ ጣሪያ ላይ ከ110 ኪሎ በላይ። ጣሪያው ያብጣል፣ ክዳኑ ያፈሳል። ስለዚህ ታንኩ ውስጥ ግፊት አይጠራቀምም፤ ጋዙ እንደወጣ ያለ ክብደት ወደተዘረጋ የውጭ ከረጢት ይሄዳል፣ ግፊት የሚሰጠው በማብሰያ ሰዓት ብቻ ነው።

የክዳኑ ጥርስ በሲሊኮን ብቻ አይታሸግም፤ ሮቶው በተሠራበት ፖሊኢትሊን ላይ ሲሊኮን ስለማይጣበቅ ሲደርቅ ይላቀቃል። የተሠራው ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎሚኒ ከክዳኑ ስር ገብቶ በብሎን መጨቆን ነው። ለቧንቧዎቹም ያው ነው፦ በሙጫ ሳይሆን በኮኔክተርና በጎሚኒ።

መግቢያው 110 ሚሊ ሜትር፣ ከጣሪያ ገብቶ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ጫፉ ሁልጊዜ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተጠራቀመው ጋዝ በእሱ አይወጣም። መውጫው 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የታችኛው አፉ ታንኩ መሐል ላይ፣ የላይኛው የፈሳሹን ልክ የሚወስነው በ1,500 ሊትሩ ከፍታ። በ50 ሚሊ ሜትር መውጫ መሞከር ትርፉ መዘጋት ነው፤ የእምቦጭ ክር ኤልቦው ላይ ይጠመጠማል።

ማማሰያው በሦስተኛ 110 ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። ቧንቧው ከጣሪያ ገብቶ ከፈሳሹ በታች 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በውስጡ በላይ በኩል እጀታ፣ በታች በኩል የሚታጠፍ ክንፍ ያለው የብረት ዘንግ። ማሸጊያ አያስፈልገውም፤ ፈሳሹ ራሱ ያሽገዋል። ዘንጉ ጥቁር ብረት ከሆነ ቶሎ ይበላል፤ ጋልቫናይዝድ ይሻላል።

የጋዝ መስመሩ ላይ በየተራ፦ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ቲ ተገጥሞ የውኃ ማጠራቀሚያ ጠርሙስ (ጋዙ ከታንኩ የሚወጣው በእንፋሎት ጠግቦ ስለሆነ ሌሊት ጎማው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይዘጋዋል)፣ የሰልፈር ማጣሪያ፣ ጎማው 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ የገባ መተንፈሻ ጠርሙስ። ግፊቱ ከ15 ሚሊባር ሲያልፍ በዚያ በኩል ይተነፍሳል። ውኃው ስለሚተን በየሳምንቱ መሞላት አለበት፤ ሲጎድል ጋዙ በሙሉ በዚያ ይወጣል፣ ሰውም «ማብላያው ሞተ» ብሎ ያስባል።

ለሰልፈር ማጣሪያው የእቃ ማጠቢያ ሽቦ ይገዛል፤ ሱቅ ላይ ያለው ብዙው የማይዝግ ስለሆነ ግን አይሠራም። ማግኔት የማይስበውን ተዉት፤ የሳበውንም ጨው ውኃ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ካልዛገ እሱም አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው ዝገቱ ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ይይዝና ይጠቁራል። የጠቆረውን አየር ላይ አውጥቶ መልሶ ማዛግ ይቻላል፤ ሲዝግ ግን ይሞቃል፣ ወረቀትና ላስቲክ አጠገብ ከሆነ እሳት ያነሳል።

ታንኩ እስከ ግማሹ ተቀብሮ ዙሪያው በላስቲክ በተጠቀለለ የጤፍ ጭድ ተሸፈነ። የጥቁር ሮቶ ችግሩ ቀን መሞቁ ሳይሆን ሌሊት መቀዝቀዙ ነው። ሚቴን አምጪዎቹ ዝቅ ያለ ሙቀት ይለምዳሉ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ግን አይስማማቸውም።

የፍሳሽ ፍተሻ፦ ታንኩ እስከ 1,500 ሊትር በውኃ ይሞላል፣ በብስክሌት ፓምፕ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ግፊት ይደርሳል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባል፣ ያድራል። የጠዋቱ ልኬት የግድ የማታው ሙቀት ላይ ሲሆን ብቻ ይነጻጸራል፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ማንበብ ፍሳሹን ይደብቃል።

ጥር፣ 1ኛ ሳምንት፦ ማስነሻ

750 ኪሎ ትኩስ እበት፣ 600 ሊትር ውኃ፣ 150 ሊትር እርሾ። እበቱ ከአንድ የወተት ላሞች እርባታ ነው። የሚጠየቀው መጀመሪያ ነገር ላሞቹ በቅርብ አንቲባዮቲክ ወስደዋል ወይ የሚለው ነው፤ ወስደው ከሆነ እበቱ አይመጣም። የበረቱ ወለል በበረኪና የሚታጠብ ከሆነም ከወለሉ ሳይሆን ከሜዳ ይሰበሰባል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት በርሜል ያድራል።

እበቱ ውስጥ ድንጋይና ጭድ አለ። ድብልቁ በ1 ሴንቲ ሜትር ወንፊት ካላለፈ ከወር በኋላ ታች የሚቀመጠውን አሸዋ ማውጣት ታንኩን መገልበጥ ይጠይቃል።

ጥር፣ 3ኛ ሳምንት፦ ያልነደደው ጋዝ

ከረጢቱ ሞላ፣ እሳት ግን አልያዘም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው በብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ታንኩ ውስጥ የነበረ አየር ነው። እዚህ ላይ ልኬቱ ራሱ ያሳስታል። በመስክ የሚቴን መለኪያው 4 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (በሊትር 160 ግራም) እና ሁለት ሲሪንጅ ነው፦ 50 ሚሊ ሊትር ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ ይገፋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀራል፣ 30 ሚሊ ሊትር ከተረፈ ሚቴኑ 60 በመቶ ይባላል። ነገር ግን አየርም አይሟሟም፤ እንደ ሚቴን ይቆጠራል። የማይነድ ጋዝ 55 በመቶ ሚቴን ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። በማስነሻ ሰሞን የሲሪንጁ ቁጥር መዝገብ ላይ አይግባ፤ ምስክሩ ነበልባሉ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የከረጢት ሙሌቶች ሜዳ ላይ፣ እሳት በሌለበት ይለቀቃሉ። አየር የተቀላቀለበት ጋዝ ከረጢቱ ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል መሞከሪያው ነበልባል ከከረጢቱ ራቅ ብሎ፣ በትንሽ ሲሪንጅ በተቀዳ ጋዝ ይሁን። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ያለ ጓንትና መነጽር መንካት የለም።

የካቲት፣ 1ኛ ሳምንት፦ እምቦጩ ገባ

ጋዙ በሰማያዊ ነበልባል መንደድ ሲጀምር እምቦጩ በትንሽ በትንሹ ተጨመረ፦ መጀመሪያ ከቪኤሱ 10 በመቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 20፣ ከዚያ 26 (ይህም የኅዳሩ ስሌት 10 ለ10 ነው)።

አከታተፉ ላይ ብዙ ጊዜ ሄደ። የመኖ መክተፊያ ማሽን ትኩስ እምቦጭ ሲበላ ክሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ሞተሩ ይግላል። የጠወለገው በደንብ ይከተፋል። ማሽን በሌለበት በገጀራና በእንጨት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መክተፍ ይቻላል፤ ለ10 ኪሎ በቀን አይከብድም፣ ለ100 ኪሎ ግን የማይሆን ነው። የተነፋው የቅጠል ግንድ ከመከተፉ በፊት መጨፍለቅ አለበት፤ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ስለሆነ ሳይጨፈለቅ ከገባ ይንሳፈፋል።

የካቲት፣ 4ኛ ሳምንት፦ ንጣፉ

ተንሳፈፈም። ጋዙ ሲቀንስ፣ ማማሰያው ሲከብድ፣ ከመውጫው የሚፈሰው ቀጭን ውኃ ሲመስል፣ ከላይ ንጣፍ እንደተጋገረ ይታወቃል። ንጣፉ ከስሩ ያለውን ጋዝ አፍኖ ይይዛል፤ ሲብስም ከፍ ብሎ የጋዝ መውጫውን ይዘጋል።

የተሞከረው በተራ፦

ማማሰያውን በቀን ሁለቴ ማዞር። ንጣፉን ይበሳዋል እንጂ አይበትነውም፤ ክንፉ ከንጣፉ በታች ነው የሚዞረው።

ከመውጫው 40 ሊትር ቀድቶ በመግቢያው መልሶ ማፍሰስ። ረድቷል፣ ለዕለቱ ብቻ።

እምቦጩን ከመግባቱ በፊት ክዳን ባለው በርሜል ከታንኩ በወጣ ዝቃጭ ዘፍዝፎ ሦስት ቀን ማቆየት። መፍትሔው ይህ ሆነ። ስፖንጁ ውኃ ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲገባ ይሰምጣል። ተጨማሪ 10 ሊትር ውኃ መጨመርም ቀረ፤ የዝቃጩ ፈሳሽ ተካው። የማማሰያው ክንፍም ወደ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ተነሳ።

መጋቢት፣ 2ኛ ሳምንት፦ ኮመጠጠ

የበርሜሉ ዘዴ የራሱን ጣጣ አመጣ። በሦስት ቀን ውስጥ በርሜሉ አሲድ ማምረት ይጀምራል፤ ለአንድ ቀን የሚሆነው ብቻ ሲገባ ችግር የለውም፣ የበዓል ቀናት አልፈው የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ግን ታንኩ ይኮመጥጣል። ምልክቱ በተራ ይመጣል፦ መጀመሪያ የሚቴን ድርሻ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የጋዝ መጠን፣ ፒኤች መጨረሻ ነው። ፒኤች ከ6.6 በታች ሲወርድ ካየን ዘግይተናል።

ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው የአሲድና የአልካላይን ሬሾ ነው። 20 ሚሊ ሊትር የተጣራ ዝቃጭ፣ 0.1 ኖርማል ሰልፈሪክ አሲድ። እስከ ፒኤች 5.0 የፈሰሰው ሚሊ ሊትር በ250 ሲባዛ አልካላይኑን (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ይሰጣል። ከ5.0 እስከ 4.4 የፈሰሰው በ1.66 ይባዛል፣ 0.15 ይቀነሳል፣ በ500 ይባዛል፤ ይህ አሲዱ ነው። ምሳሌ፦ 12 ሚሊ ሊትርና 2 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ 3,000 እና 1,585፤ ሬሾው 0.53። ከ0.3 እስከ 0.4 ደህና፣ ከ0.5 በላይ ምግብ ይቆማል። ቢሬትና ፒኤች ሜትር ብቻ የሚጠይቅ ልኬት ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ እንዲሠራ ተወስኗል።

ሕክምናው ምግብ ማቆም፣ ማማሰል፣ ለ1,500 ሊትሩ 1.5 ኪሎ ሶዲየም ባይካርቦኔት በውኃ አሟሙቶ በሁለት ቀን ከፍሎ መስጠት። አልካላይኑን በሊትር 600 ሚሊ ግራም ያህል (እንደ ካልሲየም ካርቦኔት) ከፍ ያደርጋል። ኖራ ይረክሳል፣ ብዙ ሰውም የሚመክረው እሱን ነው፤ ነገር ግን ኖራ ጋዙ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላና ታንኩ ውስጥ የግፊት ጉድለት ይፈጥራል። ሮቶ ሲጨማደድ፣ በመተንፈሻው በኩልም አየር ሲስብ ማየት ለማይፈልግ አይመከርም። ምግቡ የተጀመረው በእበት ብቻ፣ በግማሽ መጠን።

መጋቢት፣ 4ኛ ሳምንት፦ ጋዙ ስንት ነው?

የጋዝ ቆጣሪው የሚያነበው ሜትር ኩብ የጽሑፍ ሜትር ኩብ አይደለም። መጻሕፍት 60 በመቶ ሚቴን ያለው ባዮጋዝ በሜትር ኩብ 21.5 ሜጋጁል ይሰጣል ሲሉ በ0 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት ነው። ባሕር ዳር ላይ የአየር ግፊቱ 81.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ጋዙ በ25 ዲግሪ ሲለካ 21.5 በ0.80 እና በ0.92 ይባዛል። 15.8 ሜጋጁል። ከሩብ በላይ ልዩነት ነው፤ ይህን ማስተካከያ ያላደረገ የደጋ ሙከራ ውጤት ከሌላ አገር ውጤት ጋር መወዳደር አይችልም። የጠርሙሱም ልኬት እንዲሁ ተስተካክሎ ነው የተመዘገበው።

ምድጃው፦ ተራ የቡታጋዝ ምድጃ ባዮጋዝ አይነድበትም፤ የጋዝ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ የአየር መግቢያው ደግሞ ሰፊ። ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ ሲሰፋ በ8 ሚሊባር ግፊት በሰዓት 0.4 ሜትር ኩብ ገደማ ያሳልፋል፤ ኃይሉ 1.8 ኪሎዋት ገደማ። የአየር መግቢያው በቆርቆሮ በከፊል ይሸፈናል፤ ነበልባሉ ከምድጃው ተነስቶ ከበረረ አየሩ በዝቷል፣ ቢጫ ሆኖ ካጠቀረ አንሷል።

ለዚህ ግፊት ከረጢቱ ላይ ክብደት ያስፈልጋል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚነካ ከረጢት ላይ 8 ሚሊባር ለማግኘት 80 ኪሎ ነው የሚጫነው። ድንጋይ ከረጢቱን ስለሚቀድ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ጣውላ ላይ ይቀመጣሉ።

2.5 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 94 (እዚህ የሚፈላበት) ለማድረስ 774 ኪሎጁል ይፈልጋል። የምድጃው ብቃት ግማሽ ከሆነ 100 ሊትር ባዮጋዝ ይነዳል። ታንኩ በደንብ ሲሠራ በቀን ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ የወጥና የቡና እሳት ይሰጣል። ለእንጀራ አይበቃም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ነው የሚስበው፣ የምጣዱም ስፋት እሳቱ እኩል እንዲዳረስ ሌላ ዓይነት ማቃጠያ ይጠይቃል። በአገራችን ከማገዶው ብዙውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለሆነ ይህን ሳይናገሩ «ማገዶን ይተካል» ማለት አይገባም።

ሚያዝያ፣ 2ኛ ሳምንት፦ ዝቃጩ የት ይሂድ?

በ20 ዲግሪ የሚሠራ ማብላያ የእምቦጭን ዘር ይገድላል ብሎ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ፍተሻ፦ ዝቃጩ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከጭቃ ጋር ይዘረጋል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይደረግበታል፣ ብርሃንና ሙቀት ያገኛል። አጠገቡ ሆን ተብሎ ዘር የተጨመረበት ሳህን ይቀመጣል፤ እሱ ካልበቀለ ፍተሻው ራሱ አልሠራም። ውጤቱ እስኪታወቅ ዝቃጩ ከወንዝ፣ ከቦይና ከሐይቅ ርቆ በሚገኝ ማሳ ላይ ብቻ፣ በአፈር ተሸፍኖ።

የከባድ ብረት ልኬቱ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (ብረቶችን በሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ) ነው፤ በናሙና ስለሚከፈል በየሳምንቱ ሳይሆን የተለየ ዳርቻ እምቦጭ ሲመጣ ይላካል። እስከዚያ ለሰላጣና ለጎመን አይሰጥም፤ ለችግኝና ለሣር።

ሚያዝያ፣ 4ኛ ሳምንት፦ የልቀት ሂሳብ

አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ (0.6 ሚቴን) 0.43 ኪሎ ሚቴን ይይዛል። 10 በመቶው ቢያፈስ 0.043 ኪሎ፤ በ100 ዓመት ስሌት የሚቴን ተፅዕኖ 27 እጥፍ ስለሆነ 1.16 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ። በሌላ በኩል አንድ ሜትር ኩብ 5.5 ኪሎ ማገዶ ይተካል ቢባል፣ ማገዶው ሲነድ 9.6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ ሁሉ ግን አይቆጠርም፤ መልሶ የሚያድገው እንጨት ይቀነሳል። ሲሶው ብቻ የማይተካ ነው ብንል 3.2 ኪሎ። ስለዚህ 10 በመቶ ፍሳሽ የጥቅሙን ከሲሶ በላይ ይበላል።

ፍሳሹ የት ነው ያለው? በመጋጠሚያዎቹ ሳይሆን በመግቢያና በመውጫ ክፍት ቧንቧዎች የሚወጣው አረፋ፣ በክፍት በርሜል ውስጥ መብላላቱን የሚቀጥለው ዝቃጭ፣ ከረጢቱ ሲሞላ በመተንፈሻው የሚሄደው ጋዝ። የመጨረሻው ትልቁ ነው፤ ማንም ምግብ ሳያበስል በሚውልበት ቀን 500 ሊትሩ እንዳለ አየር ላይ ይወጣል። መተንፈሻው ላይ ትንሽ ማቃጠያ መትከል ወይም ከረጢቱን ማሳደግ ያስፈልጋል። በቀጣዩ በጀት ለመክተፊያ ማሽን የተያዘው ገንዘብ ወደ ሁለተኛ ከረጢት ተዛውሯል፤ ክተፋው በገጀራ ይቀጥላል።